የሩቁ በረዶና የሑምቦ ጉቶ፤ ስለ ተመልካችነትና ስለ ካሣ

ነጋዴው ጨው ፍለጋ፣ ምእመኑ ለመሳለም፣ ወታደሩ ለዘመቻ፣ ገበሬው ድርቅ ሲያባርረው መጓዝ ከጀመረ ዘመን የለውም። እነዚህ ሁሉ ከሄዱበት ቦታ ይዘውት የሚመለሱት ወይም ጥለውት የሚመጡት ነገር አላቸው። ለማየት ብቻ የሚደረግ ጉዞ ግን በኅብረተሰብ ታሪክ ውስጥ ከኋላ የመጣ ጠባይ ነው፤ የመጣውም የተረፈ ሀብትና የተረፈ ጊዜ ያለው ሰው በብዛት ከመጣ ወዲህ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ጥያቄ አብሮ መጥቷል። ይኸውም ለማየት ብቻ የሄደ ሰው ለሚያየው ነገር ዕዳ አለበት ወይ? ካለበትስ በምን ይከፍለዋል? የሚል ነው።

ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ የሚጠነክረው የዓለም ዳርቻ በሆኑት በሁለቱ ዋልታዎች ነው። ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ተበላ ከተማ ላይ ቆሞ የሑምቦን ኮረብቶች ለሚመለከት ሰው ስለ ደቡብ ዋልታ የሚያስብበት ምክንያት ያለ አይመስለውም። በአንደኛው ጠርዝ በረዶ፣ በሌላው ጠርዝ የስምጥ ሸለቆ ሙቀትና ግራር አለ። ይሁን እንጂ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር አለ። በመካከላቸው ያለው አየር አንድ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በዚህ አየር ላይ የሒሳብ መዝገብ ተከፍቷል።

በመጀመሪያ ጉዞውን ራሱን መመልከት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1911 በታኅሣሥ ወር ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ደቡብ ዋልታን ሲረግጥ፣ ከአንድ ወር በኋላ የደረሰው እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት ደግሞ ከነባልደረቦቹ በመመለሻው ላይ አልቆ ሲቀር፣ ወደዚያ መሄድ ማለት በሕይወት መወራረድ ነበር። ዛሬ በአንድ የዓመት የጉዞ ወቅት ብቻ ከ100,000 በላይ ሰዎች በመዝናኛ መርከብ ወደ አንታርክቲካ ይጓዛሉ። ለዚሁ ተግባር ተብላ የተሠራችው የመጀመሪያዋ መርከብ፣ ሊንድብላድ ኤክስፕሎረር፣ ውሃ ላይ የወረደችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከ38 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2007፣ ይህችው መርከብ በደቡብ ዋልታ አካባቢ ከበረዶ ጋር ተላትማ ሰጠመች። በላይዋ የነበሩት 154 ሰዎች በሙሉ በሌላ መርከብ ተነሥተው ዳኑ። ስኮት የሞተበት ምድር ተጓዡን በደኅና መልሶ የሚልክ ቦታ ሆኗል ማለት ነው።

ጉዞው የሚሸጠው ግን በመዝናኛ ስም አይደለም፤ «ኤክስፔዲሽን» በሚለው ቃል ነው። ቃሉ በፈረንጅ አፍ ዘመቻንም፣ አሰሳንም፣ ሩቅ ጉዞንም በአንድነት ይሸፍናል። አማርኛ እነዚህን ለያይቶ ይጠራል፤ መለየቱም ደግ ነው።

መንገደኛው ከመርከቡ ሲገባ ብዙ ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነሥቶ የድሬክን መተላለፊያ ሲያቋርጥ ሁለት ቀን ያህል ማዕበሉ እንደ ቅል ያንገላታዋል፤ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የመጣው ሰው የመጀመሪያውን ጊዜ የሚያሳልፈው አልጋው ላይ ተኝቶ ባልዲ ይዞ ነው። የታተመው መርሐ ግብር እንደ ምኞት ብቻ የሚቆጠር መሆኑን ቀጥሎ ይረዳል፤ ዛሬ የት እንደሚወረድ የሚወስነው በረዶና ነፋስ እንጂ ከፋዩ አይደለም። በአገሩ ገንዘቡ በር ሁሉ ሲከፍትለት የኖረ ሰው፣ አንድ የባሕር ወሽመጥ በበረዶ ተዘግቶ ሲመለስ እንደ ሕፃን ሲያዝን ይታያል። ጸጥታን ሲጠብቅ የበረዶው ግግር እንደ መድፍ ሲፈነዳ ይሰማል። ንጹሕ አየርን ሲጠብቅ ከሁሉ በፊት የሚቀበለው የፔንግዊን ኩስ ሽታ ነው። ይህን ሽታ በሥዕል ያየው ሰው የለም፤ ከሄዱት ሁሉ ግን የሚረሳው የለም።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ይመጣል። ከ500 መንገደኞች በላይ የያዘ መርከብ አንድም ሰው አያወርድም። ከዚያ ያነሰውም ቢሆን በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ከ100 ሰው በላይ ማውረድ አይችልም፤ ስለዚህ የቀረው ተራውን ይጠብቃል። ከጎማው ጀልባ ከመግባቱ በፊት ጫማው ይታጠባል፣ ኪሱና የልብሱ ስፌት ከባዕድ አገር የሣር ዘር ይዞ እንዳይሆን ይመረመራል። ከፔንግዊን 5 ሜትር ርቆ ይቆማል። ወፏ መንገዱን ካቋረጠች የሚቆመው ሰው ነው። የወፍ ጉንፋን ሥጋት ከመጣ ወዲህ በረዶው ላይ መቀመጥና መንበርከክ እንኳ ተከልክሏል። ጥልቅ በረዶ ውስጥ የገባ እግር የተወው ጉድጓድ ሳይደፈን አይታለፍም፤ ምክንያቱም አጭሯ ፔንግዊን ከገባችበት መውጣት ያቅታታል።

በዚህ ላይ ማፌዝ ቀላል ነው። ነገር ግን ፌዙ ከእውነቱ ፊት መቅደም የለበትም። ባለጸጋው፣ ባለሥልጣኑ፣ ሹሙ፣ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለአንዲት ወፍ ቆሞ መንገድ ሲለቅ፣ የእግሩን ዱካ ጎንበስ ብሎ ሲደፍን፣ አንድ ነገር ይማራል። ሰው የምድር ባለቤት ሳይሆን እንግዳ የሆነበትን ቦታ አይቷል። ብዙዎቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቁት እንባ ይመጣባቸዋል ይባላል። የሰውን ኅሊና እንዲህ የሚነካ ነገር ሁሉ መናቅ የለበትም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ሥራው ስለ ግርማ የጻፈው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የተቆጣ ባሕር፣ የሚፈነዳ እሳተ ገሞራ፣ የሚያስፈራ ገደል፣ ነፍስን ከፍ የሚያደርጉት ተመልካቹ ራሱ ከአደጋ ውጭ ሆኖ ሲቆም ነው ይላል። እየሰጠመ ያለ ሰው የማዕበሉን ግርማ አያደንቅም። እንግዲህ የዋልታው ተጓዥ የሚከፍለው ገንዘብ ዋናው ክፍል ለማዕበሉ ሳይሆን ለደኅንነቱ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚገዛው ሥፍራ ሞት በዙሪያው እያለ እርሱን የማይነካበት ሥፍራ ነው። ካንት ያልጠየቀው ጥያቄ ግን አለ። ተመልካቹ የቆመበት የደኅንነት ሥፍራ ራሱ፣ የሚታየውን ነገር የሚያጠፋ ቢሆንስ?

ለዚህ ጥያቄ የወላይታ ታሪክ የራሱ የሆነ መራራ ምሳሌ አለው። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ፣ ቫንደርሄይም የተባለ አንድ ፈረንሳዊ የንግድ ወኪል ከሠራዊቱ ጋር ተጉዟል። ወታደር አልነበረም፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፣ ማስታወሻ የሚይዝ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ጥላ ሥር ያለ እንግዳ ነበር። በወላይታ ሕዝብ ላይ የደረሰውን እልቂት፣ የሰውና የከብት ምርኮውን፣ የካዎ ጦናን ቆስሎ መማረክ በቅርብ ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ ያሳተመው መጽሐፍ በርዕሱ ላይ ይኸንኑ «ኤክስፔዲሽን» የሚል ቃል ተሸክሟል። ቃሉ ዘመቻንና ሽርሽርን ሳይለይ እንዴት እንደሚያስተናግድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ይህ ሰው በምን ይፈረዳል? ማየቱ አንድም ነፍስ አላዳነም። ከሠራዊቱ ስንቅ በልቷል፣ በሠራዊቱ ጥበቃ አድሯል። በሌላ በኩል ግን ያየውን ሳይሸፋፍን ጽፏል፤ በመደነቅ ብቻ ሳይሆን በመሰቀቅ ጽፏል። ስለዚያ ዘመቻ ለማወቅ የሚሻ የታሪክ ተመራማሪ ዛሬም የእርሱን ምስክርነት ሳያይ አያልፍም። ስለዚህ ተመልካችነት ባዶ ነው ማለት አይቻልም፤ ያየ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ማድረግ ይችላል፣ መመስከር ይችላል። የምስክር ዋጋ ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው እውነቱን መናገር ሲሆን ሁለተኛው የቆመበትን ቦታ አለመደበቅ ነው። ከማን ጋር እንደመጣ፣ በማን ስንቅ እንዳደረ የማይናገር ምስክር፣ ከምስክርነቱ እኩሌታውን ሰርቋል።

የመርከብ ኩባንያዎችም ተመሳሳይ ክርክር ያቀርባሉ። መንገደኛው ሲመለስ የዋልታው አምባሳደር ይሆናል፣ ያላየውን ሰው አይከላከልምና ያየው ይከላከልለታል ይላሉ። ክርክሩ በፍጹም ከንቱ አይደለም። አምባሳደሩ ግን የቆመበትን ቦታ ይናገር ዘንድ ይገባል፤ የቆመበትም ቦታ የነዳጅ ጭስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ የሳይንስ ጥናት የመርከቦችና የአውሮፕላኖች ጥላሸት በአንታርክቲካ በረዶ ላይ እያረፈ የፀሐይን ሙቀት እንዲስብ እንደሚያደርገው ለክቶ፣ ከ2016 እስከ 2020 ባለው ጊዜ አንድ ጎብኚ በአማካይ ወደ 83 ቶን የሚጠጋ በረዶ ቀድሞ እንዲቀልጥ ምክንያት ሆኗል ብሏል። በሰሜኑ ዋልታ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሌላ ጥናት፣ ወደ አየር የሚለቀቅ እያንዳንዱ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመስከረም ወር ከሚኖረው የባሕር በረዶ 3 ካሬ ሜትር ያህል እንደሚያጠፋ ተረጋግጧል። የአንድ የአንታርክቲካ ተጓዥ ድርሻ፣ የአውሮፕላኑ በረራ ተጨምሮ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በተደረገ ስሌት 5.4 ቶን ገደማ ነበር። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት በአማካይ የሚለቀው ሩብ ቶን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሁለትና የሦስት ሳምንት ሽርሽር የአንድን ኢትዮጵያዊ የ20 ዓመት ድርሻ ይበልጣል። ከኪሱ አንዲት የሣር ዘር እንዳትወድቅ የተፈተሸው ሰው፣ ያልተፈተሸውን ጭስ ከኋላው እያስከተለ ይወጣል።

ተጓዡ ይህን አያውቅም አይባልም። አብዛኛው የተማረ ነው። ኅሊናውም ይወቅሰዋል። ለወቀሳውም ገበያው መድኃኒት አዘጋጅቶለታል፤ ይኸውም የካርቦን ማካካሻ ነው። የተለቀቀውን ያህል ሌላ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በድኻ አገር፣ የሚበቅል ዛፍ እንዲይዘው ይከፈላል። ወደ ሑምቦ የሚመልሰው መንገድ ይህ ነው።

የሑምቦ ኮረብቶች ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት በደን የተሸፈኑ ነበሩ። የሕዝቡ ብዛት፣ የእርሻ መሬት ጥበት፣ የማገዶና የከሰል ፍላጎት፣ የከብቱ ግጦሽ ተደራርበው ኮረብቶቹን ራቁታቸውን አስቀሯቸው። ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ይወርዳል፤ ዝናብ ሲጠፋ ምንጩ ይነጥፋል። ይህ የማንም ክፋት አልነበረም። ሌላ አማራጭ ያልተሰጠው ሕዝብ ከእጁ ባለው ነገር ኖረ እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ላይ በወርልድ ቪዥን አስተባባሪነት 2,728 ሄክታር የሚሆን የተራቆተ ኮረብታ በሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ እንዲጠበቅ ተደረገ። የሚደንቀው ነገር አብዛኛው ዛፍ አለመተከሉ ነው። በመሬቱ ውስጥ ሳይሞቱ የቀሩ ጉቶዎችና ሥሮች ነበሩ፤ ከብትና መጥረቢያ ሲርቅላቸው በራሳቸው አቆጠቆጡ። ገበሬው ያደረገው ከብዙው ቀንበጥ ብርቱውን እየመረጠ ማስቀረት፣ የቀረውን መግረዝና መጠበቅ ነበር። ይህን ዘዴ በ1980ዎቹ በኒጀር ያስፋፋው አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ እንዲህ ያለውን ነገር ከመሬት በታች ያለ ደን ይለዋል።

(እግረ መንገድ አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። ስኮትና ባልደረቦቹ በድንኳናቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ ከአጠገባቸው 16 ኪሎ ያህል ድንጋይ ተገኝቶ ነበር። በርሃብና በብርድ እየሞቱ ያልጣሉት ይህ ድንጋይ ግሎሶፕቴሪስ የሚባል የጥንት ዛፍ ቅጠል ታትሞበታል። የዚሁ ዛፍ ቅሪት በአፍሪካ፣ በሕንድ፣ በደቡብ አሜሪካና በአውስትራሊያም ይገኛል። ዋልታው ራሱ አንድ ጊዜ ደን ነበር፤ ከአፍሪካም ጋር አንድ ምድር ነበር።)

የሑምቦ ደን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ተገመተ። ከዚህም 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ፤ ክፍያውም ለማኅበራቱ መድረስ ጀመረ። ገዢው ፈንዱ እንጂ የመርከብ ተጓዥ አለመሆኑን ማስታወስ ፍትሕ ነው። ሆኖም የንግዱ አስተሳሰብ አንድ ስለሆነ ሑምቦን እንደ ሚዛን መጠቀም ይቻላል።

ሚዛኑ የሚያሳየው እንዲህ ነው። 880,000 ቶን በአንድ ተጓዥ 5.4 ቶን ሒሳብ ሲካፈል የ163,000 ያህል ሰው ጉዞ ብቻ ይሸፍናል። በዛሬው የተጓዥ ቁጥር ይህ ሁለት የጉዞ ወቅት አይሞላም። መርከቦቹ ተሻሽለዋል ተብሎ ቁጥሩ በግማሽ ቢቀነስ እንኳ ከሦስት ወቅት ብዙ አይዘልም። በሌላ አቅጣጫ ሲሰላ ደግሞ፣ በቶን 3 ካሬ ሜትር በሚለው የሰሜን ዋልታ ስሌት፣ የሑምቦ 2,728 ሄክታር ኮረብታ 30 ዓመት ተጠብቆ የሚያድነው የባሕር በረዶ 264 ሄክታር ነው። የሰባት ማኅበራት ገበሬዎች የአንድ ትውልድ ጥበቃ፣ ከራሱ ከኮረብታው አንድ አሥረኛ የማያህል በረዶ መሆኑ ነው።

ቁጥሩ ከዚህ ወዲያ ዝም ይላል፤ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ግን ገና ይጀምራል። በወላይታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ካሣ የሚባለውን ነገር ሕዝቡ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ነፍስ ያጠፋ ሰው ወገኖች ሽማግሌ ይልካሉ፤ በዳዩ ከተበዳይ ወገን ፊት ይቀርባል፣ በደሉን በአፉ ያምናል፣ ካሣው ይቆረጣል፣ ዳግመኛ እንዳይደገምም ይማማላሉ። ገንዘቡ ወይም ከብቱ የዚህ ሁሉ መደምደሚያ እንጂ ምትኩ አይደለም። ከሽማግሌ ፊት ሳይቀርብ፣ በደሉን ሳያምን፣ በሚቀጥለውም ዓመት ለመድገም አስቦ ከብት ነድቶ የሚልክ ሰው ቢኖር፣ ካሣ ከፈለ አይባልም፤ ግድያን ገዛ ይባላል።

የካርቦን ማካካሻ የጎደለው ይህ ነው። ከፋዩ የሚከፈለውን አያየውም። ተከፋዩም የተበደለው ለመሆኑ አልተነገረውም፤ የአገልግሎት ሻጭ ተብሎ ነው የተመዘገበው። መማማያውም የለም፤ ክፍያው የሚፈጸመው ጉዞው እንዳይቀር ተብሎ ነው። የሁለቱ ምድር ሥርዓት ሲነጻጸር ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል። በአንታርክቲካ ጫማ ማጠብና 5 ሜትር መራቅ የማንንም እንጀራ አይቀንስም፤ የአገሬው ሕዝብ የሌለበት ምድር ነውና። በሑምቦ ኮረብታው ሲከለል ግን ማገዶ ለቅማ የምትሸጥ እናት ሌላ መንገድ መፈለግ አለባት፤ ከብቱን ያሰማራ የነበረ ልጅ ሣር አጭዶ መሸከም አለበት። አንዱ ዱካውን ሲደፍን ፎቶግራፍ ይነሣል። ሌላው ዱካውን ከኮረብታው ሲያነሣ ማታ ምን እንደሚበስል ይጨነቃል።

ከዚህ ተነሥቶ የሑምቦ ሥራ ከንቱ ነው፣ ገበሬውም ተታሏል የሚል ቢኖር ግን ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ደኑ ከመዝገቡ በፊት ለሑምቦ ሰው ነው። አፈሩ ቆሟል፤ ሣሩ ተመልሷል፤ ወደ ዓባያ ሐይቅ የሚወርደው ውሃም ደለል የሚጭንበት ምክንያት ቀንሷል። የመሬቱ የመጠበቅ መብት በማኅበራቱ እጅ መግባቱ ከክፍያው የማይተናነስ ዋጋ አለው። ገዢው ቢጠፋም እንኳ ይህ ሁሉ ደግ ነገር እንደሆነ ይቀራል። ችግሩ ገበሬው በሠራው ውስጥ ሳይሆን ገዢው ገዛሁ ብሎ በሚያስበው ውስጥ ነው። ገበሬው ዛፍ አሳደገ። ገዢው የገዛው ዛፍ መስሎት ከሆነ ትክክል ነው፤ ንጽሕና መስሎት ከሆነ ግን ይህን በሑምቦ የሸጠለት ሰው የለም።

እንግዲህ ሰው ወደ ዋልታው አይሂድ ነው? ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል መዝጋት አይቻልም። ሐኪም በሥራው፣ ሳይንቲስት በምርምሩ፣ ሠዓሊ በብሩሹ ከዚያ የሚያመጣው ነገር አለ። የበረዶውን መቅለጥ ለዓለም ያስረዱት ራሳቸው በመርከብና በአውሮፕላን የሄዱ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ለማየት ብቻ የሄደ ሰው ቢያንስ የቫንደርሄይምን ያህል ይጠበቅበታል፤ ያየውን ሳይሸፋፍን፣ በማን ስንቅ እንዳደረም ሳይደብቅ እንዲናገር። «በረዶው ሲቀልጥ አየሁ» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ቀጥሎ «እኔም ካቀለጡት አንዱ ነበርሁ» የሚለው ሳይከተል የቀረ እንደሆነ፣ አምባሳደር የተባለው ሰው መልእክቱን በግማሹ አስቀርቶታል።

የመዝገቡ ሰዎች ራሳቸው በዚህ ረገድ ከተጓዡ ይልቅ ጠንቃቃ ነበሩ። በዚያ ሥርዓት ለደን የሚሰጠው የካርቦን ምስክር ወረቀት በስሙ «ጊዜያዊ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሑምቦ የተሰጠው የ73,000 ቶን ገደማ ምስክር ወረቀትም ይኸው ስም አለበት። ዛፍ ሊቃጠል፣ ሊቆረጥ፣ ሊደርቅ ይችላልና ቋሚ ብለው ሊፈርሙበት አልደፈሩም። ለደኑ የታሰበው 30 ዓመት በ2036 ይሞላል። በዚያን ጊዜ ኮረብታው ተዘግቶ ይቆይ ወይስ ይከፈት የሚለውን የሚወስኑት፣ ጉቶው ማቆጥቆጥ በጀመረበት ዓመት በእናታቸው ጀርባ ላይ የነበሩት የሑምቦ ልጆች ናቸው፤ ከፊታቸው የሚቀርበውም የማገዶ ዋጋ፣ የመሬት ጥበትና የከብት ቁጥር ይሆናል።